የስምህ አራት ነጥብ

ነሐሴ፣ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣ ሰባተኛ ደብዳቤ። ከጠዋት ጀምሮ ካፊያ ነበር፤ ስድስት ሰዓት ግድም አባራ። ሱቁ ውስጥ እኔና የጎረቤት ባለሱቋ ሙና ነበርን።

ግርምዬ፣

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሆነ። ደኅና ነኝ ብዬ ልጀምርልህ ነበር፤ ግን ውሸቴን ከእጅ ጽሑፌ ታውቀዋለህና ተውኩት። ቤቱ ያው ነው። አሁንም በግድግዳው በኩል ነው የምተኛው፤ ያንተን ጎን አልያዝኩትም። የተለወጠው ሱቁ ነው። የንግድ ፈቃዱ ወደ እኔ ስም ዞሯል፤ ስለዚህ በበሩ መስታወት ላይ «የስቲከር ሥራ በግርማ።» ብለህ ከለጠፍከው ውስጥ ስምህ ወርዶ የኔ መግባት አለበት።

ሙና ሌላ ባለሙያ ልጥራልሽ አለችኝ። እምቢ አልኩ። የማያውቅህ ሰው ስምህን እንዲልጠው አልፈለግሁም።

እንዴት እንደተማርኩ ታስታውሳለህ? አንተ ጠረጴዛ ሥር የጣልከውን የስቲከር ቁርጥራጭ በፌስታል እየሰበሰብኩ ቤት እወስድ ነበር። ፊደል በምላጭ እየቆረጥኩ የጨው፣ የበርበሬና የሽሮ ዕቃ ላይ ለጠፍኩ። አንድ ቀን የጨዉን ዕቃ አንሥተህ አገላብጠህ አየኸው። ማን እንዳስተማረኝ ሳትጠይቅ፣ አራት ነጥቡ የት ሄደ አልከኝ። በማግስቱ ሱቅ ወስደህ አሳየኸኝ፤ በፊደሎቹ ዙሪያ የቀረውን ትርፍ ስቲከር በመርፌ መልቀም፣ ፊደሎቹን ተሸክሞ የሚያሻግረውን ትራንስፈር ከላይ አልብሶ በካርድ መጫን፣ ከዚያ የጀርባ ወረቀቱን ቀስ ብሎ መላጥ። ነጥቦች ትንንሽ ስለሆኑ ወረቀቱ ላይ መቅረት ይወዳሉ። ሲቀሩ አትናደጂ፣ መልሰሽ አስተኚያቸውና ደግመሽ ተጫኚያቸው ትለኝ ነበር።

ዛሬ ስምህን በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅሁ አነሣሁት። ግ፣ ከዚያ ር፣ ከዚያ ማ። አራት ነጥቡ ጋ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ።

ስሜን አስቀድሜ ቆርጬ ነበር። የፊደሉን ልክ የወሰድኩት ካንተ ስም ላይ ነው፤ ግርማ ሦስት፣ አስካለ አራት ፊደል መሆኑን ግን ረስቼዋለሁ። መስታወቱ ላይ ስለካው «ለ» ነጥቦችህ ላይ ወጣ። ሙና ሣቋን መቆጣጠር አቃታት። «አንቺ ሴትዮ፣ ድሮም ከሱ ትሰፊ ነበር!» አለችኝ። እኔም ሣቅኩ፤ ከቀብርህ ወዲህ እዚህ ሱቅ ውስጥ ስሥቅ የመጀመሪያዬ ነው። ቀጥላ «በቃ ነጥቦቹን ንቀያቸውና ቦታ ይልቀቁልሽ፤ ማን ሊያያቸው ነው?» አለች። የሚያያቸው አንድ ሰው ነበር። እሱም የለም። ቢሆንም አልነቀልኳቸውም።

አንተ የገዛኸው ቀይ ስቲከር የቀረው አንዲት ቁራጭ ብቻ ነበር፤ ብትበላሽብኝ መተኪያ የላትም። ፊደሎቹን አጥብቤ ደግሜ ቆረጥኩ። መስታወቱን አደረቅሁ፣ ለጠፍኩ፣ እንደ ካርድ ትጠቀምበት በነበረው በዚያ የድሮ የሥራ መታወቂያህ ተጫንኩ። ፎቶህ በመፋተግ ብዛት ጠፍቶ ጆሮዎችህ ብቻ ቀርተዋል። ትራንስፈሩን ከጥግ ይዤ ስልጠው ትንፋሼን ያዝኩ። አራቱም ፊደሎች መስታወቱ ላይ ቀሩ። እነሱ ደማቅ ቀይ ናቸው፤ ነጥቦችህን ፀሐይ በልቷቸዋል። ከሩቅ ልዩነቱ አይታወቅም። ጠጋ ሲሉ ይታወቃል።

አንድ ነገር ቃል ልግባልህ። ነጥቦችህ አርጅተው መላቀቅ ሲጀምሩ፣ እኔ እስካለሁ ድረስ፣ መልሼ አስተኝቼ እጫናቸዋለሁ።

ያንተው አስኩ

በማግስቱ ጠዋት፦ ሁለት ሰዓት ላይ መጣሁ። ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። የበሩን መስታወት በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁ። ከአራቱ ነጥቦች የታችኛው የቀኙ ጠርዙ ብድግ ብሎ ነበር። አውራ ጣቴን አሳርፌበት እስከ ሃያ ቆጠርኩ። ያዘ። ገብቼ ሥራ ጀመርኩ።