የቢስኩት ትንፋሽ

ይድረስ አልጋዋን ራሷ ማንጠፍ ለተማረችው፣ በአሠልጣኝ ጩኸት ለምትነቃው አዲስ የባሕር ኃይል መርከበኛ የልጅ ልጄ ለሲግኒ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? ጫማው የላጠው እግርሽ ዳነልሽ? የሚሰጧችሁ ምግብ ያጠግባል ወይስ እንደ አያትሽ የዓሣ ሾርባ በጸሎት ብቻ ነው የሚዋጠው? (አያትሽ አርዲስ ይህን ከትከሻዬ በላይ አንብባ ማንኪያ አንስታብኛለች።) እኛ በረዶው እስከ ጉልበታችን ቢደርስም ደህና ነን።

በሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ስለ ቢስኩት ጠየቅሽኝ። እኔም «ወፍራለች፣ አንቺን ረስታለች» ብዬ መለስኩልሽ። ዋሽቼሻለሁ፣ ልጄ። ያቺን ጣት የምታክል እባብሽን ልገድላት ነበር። አሁን በሕይወት አለች፤ ስለዚህ ሳትደነግጪ አንብቢ።

ስትሄጂ ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፍሽውን ወረቀት ታስታውሺያለሽ። ሙቀቱ ስንት፣ ውሃው መቼ፣ አይጧ ምን ያህል፤ ከሥሩ ደግሞ በቀይ «አያቴ፣ ከራስህ ምንም አትጨምር» ይላል። ስልሳ ዓመት እንጨት የላገ ሰው እንዲህ ይባላል? ቢስኩትን በመስታወት ሣጥኗ ውስጥ ጋዜጣ ላይ ተኝታ ሳያት አንጀቴን በላችው። ስትመለሽ የምሰጥሽን የልብስ ሣጥን እየሠራሁ ነበርና ከመላጊያዬ ሥር የሚወጣው የቀይ ጥድ ፍቅፋቂ መዓዛው ልብ ይሰርቃል። ለንግሥት የሚገባ ፍራሽ ነው ብዬ ጋዜጣውን አውጥቼ እሱን ጎዘጎዝኩላት።

በሳምንቱ አይጧን እምቢ አለች። ኩርፊያ መሰለኝ። ቀጥላ አንገቷን ወደ ላይ ቀና፣ አፏን ገርበብ አድርጋ ሊፈላ እንደተቃረበ ማንቆርቆሪያ ማፏጨት ጀመረች። ትሰድበኛለች አልኩ። እኔ ደግሞ ስድብ ተቀብሎ ዝም የሚል ሰው አይደለሁም፤ መስታወቱ ላይ ተደፍቼ «ስስስ!» አልኳት። ሁለት ቀን ሙሉ እንዲህ ስንመላለስ ሰነበትን። ጎረቤታችን ሃርላን መጥቶ አያትና «ለቀበቶ ታጥራለች፤ ለሰዓት ማሰሪያ ግን ትበቃሃለች» ብሎኝ ሄደ።

አያትሽ ከዚያ የመስታወት ሣጥን ሁለት እርምጃ ቀርባ አታውቅም። በሦስተኛው ቀን መነጽሯን አድርጋ መጣች። «አንተ ሽማግሌ፣ ማን ይሰድብሃል? ትንፋሽ አጥሯት እኮ ነው! አፍንጫዋ ላይ ያለው አረፋ አይታይህም?» አለችኝ። አጎንብሼ አየሁ። የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል አረፋ ትነፋና ትፈነዳለች። ካፖርቴን አነሳሁ።

በትራስ ልብስ ከትቼ፣ ከካፖርቴ ሥር ደረቴ ላይ ይዤ ዶክተር ሉአን ዘንድ ሄድኩ። እኔ የላም ሐኪም ብቻ ትመስለኝ ነበር። ገና የትራስ ልብሱን ስትፈታ አሸተተች። «አባባ ኦሪን፣ ምን ላይ ነው የሚያስተኟት?» «ምርጥ ጥድ ላይ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ብሉን ከልብስዎ የሚያባርረው ምን ይመስልዎታል? ይኸው መዓዛ እኮ ነው። የእሷ ሳንባ ደግሞ ከጫማ ክር አይወፍርም» አለች። ሳንባዋ ቆስሎ አመርቅዟል፤ በየሦስት ቀኑ አንድ፣ በድምሩ ሰባት መርፌ አዘዘችላት። «ይቺ ገና ጨቅላ ናት፤ ቃል አልገባልዎትም» ስትለኝ ግን ፊትሽ መጣብኝ።

የእኔ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ መርፌውን የምትወጋው አርዲስ ናት። እኔ እይዛለሁ፣ እሷ «ይቅርታ የእኔ እመቤት» እያለች ትወጋለች። እኔን ይቅርታ ብላኝ አታውቅም።

ዶክተሯ ያስተማረችኝን ብነግርሽ ትገረሚያለሽ። እባብ ሕመሙን ይደብቃል፤ ልክ አርዲስ የጥርስ ሕመሟን እንደምትደብቅ። ስለዚህ በየእሑዱ እመዝናታለሁ። (በዱቄት ሚዛን ጀምሬ ነበር፤ ከቤት ልባረር ስል የራሷን ገዛሁላት።) ከሠላሳ አንድ ግራም ወደ ሃያ ስድስት ወርዳ ነበር፤ አሁን ሃያ ስምንት ናት። የውሃ ሳህኗ ውስጥ እንደ ቁንዶ በርበሬ ያለ ጥቁር ነገር ቢንሳፈፍ ተባይ ነው አለችኝ፤ ይኸው በማጉያ መነጽር እፈልጋለሁ። ቆዳዋን ስትጥል ደግሞ የዓይኗ ሽፋንና የጅራቷ ጫፍ ቆዳ አብሮ መውጣቱን አያለሁ። በሰባ ስምንት ዓመቴ የእባብ ጅራት መርማሪ ሆንኩልሽ! ከሁሉ የገረመኝ ግን፣ ጤነኛ እባብ ሲተነፍስ አይሰማም።

ትናንት ስድስተኛዋን ተወጋች። ዛሬ ጠዋት ጆሮዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ቆየሁ፤ ምንም የለም። ደንቁሬ እንዳይሆን ብዬ አርዲስን ጠራኋት። እሷም ምንም አልሰማችም። ቀትር ላይ አይጧን በመቆንጠጫ ባቀርብላት ቀማችኝ! ሁለታችንም እንደ ሕፃን ጮኽን።

አያትሽ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ካልሲ እየሠራችልሽ ነው። ሃርላን «ሰላም በላት፣ የሰዓት ማሰሪያውን ነገር ትቼዋለሁ» ብሏል። ቢስኩት ሆዷ ሞልቶ ተኝታለች፤ ሰላምታዋን ራስሽ መጥተሽ ተቀበዪ። ሣጥንሽ አልቋል፤ እሷ ካለችበት እንዲርቅ ጋራዥ አስቀምጬዋለሁ።

ተቆጪኝ፤ ይገባኛል። ወረቀትሽ አሁንም ማቀዝቀዣው ላይ ነው። ከቀዩ መስመር ሥር በእርሳስ «ጥድ አይነጠፍም» ብዬ ጽፌበታለሁ። ከራሴ የጨመርኩት ይህችን ብቻ ነው።

አያትሽ ኦሪን
ሊንድቫል፣ ሚኒሶታ
ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 2015