ሙሽሪት ወንድ ሆና ተገኘች

ውድ እትዬ፣

እንዴት ነሽ ብዬ እንዳልጀምር መልሱን አውቀዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሰው ሁሉ "እንዴት ነህ?" ሲለኝ "ደህና" እላለሁ፤ ውሸትም አይደለም፣ የሚያመኝ ቦታ የለም። እበላለሁ፣ አውቶቡሴን እነዳለሁ፣ ገብቼ እተኛለሁ። ከሞትሽ ወዲህ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣኝም። ፎቅ ላይ የምትኖረው ነርስ "ድንጋጤ ነው፣ ሲቆይ ይለቅሃል" አለችኝ፤ ጉንፋን አስመሰለችው እኮ። የምጽፍልሽ ግን ስለ ራሴ አይደለም፣ ስለ ሙሽሪት ነው።

አራቱን ጫጩቶች በካርቶን ይዘሽ የመጣሽ ቀን "ከተማ መሃል ዶሮ? አበድሽ እንዴ?" ብዬሽ ነበር። አንቺ ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እጅሽ ተልጦ፣ ወገብሽ ተቆርጦ ነበር የምትመጪው። "ማታ ስገባ የሚያድግ ነገር ያለበት ቤት ልግባ" አልሽኝ። ሻጩ "ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ አንድም ወንድ የለባቸውም" ብሎ ምሎልሽ ነበር። በተለይ ነጯን ወደድሻት። ስትራመድ አየሻትና ሙሽሪት አልሻት። ጓሮ፣ ውኃ ታንከሩ ሥር፣ ከአሮጌ ቁም ሳጥን በሠራንላቸው ቤት ቆጥ ላይ ቀድማ የምትወጣው እሷ ነበረች። "አየሃት? ትልልቅ እንቁላል የምትጥልልን እሷ ናት" ትይኝ ነበር።

ሦስቱ ቄቦች አንድ በአንድ መጣል ጀመሩ። ሙሽሪት መብላቷን እንጂ ሌላ አላወቀችም። አንቺ አልጋ ላይ ከዋልሽ በኋላ ገና በሩን ስከፍት "ዛሬስ ጣለች?" ነበር ጥያቄሽ። "ገና ናት እትዬ፣ ሙሽራ አትቸኩልም" እልሻለሁ፤ ትስቂያለሽ፣ ስትስቂ ያስልሻል። ጭራዋ ረዘመ፣ አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ተቆለለ። በመስኮት እያየሻት "ወይ መቆንጀት!" ትያለሽ። እኔም አዎ እላለሁ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ የምናየውን ነገር አናይም ነበር።

ከቀብርሽ በኋላ፣ ሰዉ ወደየቤቱ ሄዶ እኔና ወንበሮቹ ብቻ ስንቀር፣ አንድ ማለዳ ከጓሮ ጩኸት ሰማሁ። ወጣሁ። ሙሽሪት ታንከሩ ላይ ቆማ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ትጮኻለች። እትዬ፣ ሙሽሪት ወንድ ናት! ብትኖሪ ኖሮ ሆዳችንን ይዘን ነበር የምንስቀው። እኔ ግን "እሺ" አልኩና ልብሴን ለብሼ ሥራ ሄድኩ።

ብዙም ሳይቆይ አከራያችን መጡ። ነርሷ ሌሊት ሠርታ ገና ጋደም ስትል ሙሽሪት ትጀምራለች፤ እሷ ናት ለእሳቸው አቤት ያለችው።

"ልጄ፣ ዶሮ አርቡ ብያለሁ፤ በአውራ ዶሮ ግን አልተስማማንም" አሉኝ።

"እማማ፣ እሷ እኮ ሴት ናት።"

"ሴት? ታዲያ እንዲህ የምትጮኸው ምን ሆና ነው?"

"ጠባይዋ ነው።"

"አንተ! በእኔ በአሮጊቷ ትቀልዳለህ?"

መቀለዴ አልነበረም። አፌ "እሱ" ማለት እምቢ ብሎኝ ነው። እሳቸውም ፊቴን አይተው ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። "እስከ እሑድ ይውጣልኝ። አለዚያ እናንተው... አንተው ቤት ትፈልጋለህ" ብለው ሄዱ። "እናንተ" ማለት ገና አልለቀቃቸውም።

የሥራ ባልደረቦቼ "እረደውና ተገላገል" አሉኝ። ምን ቆርጦኝ! ልብስሽን ዘመዶች ተካፍለው ወስደዋል። ከአንቺ የቀረኝ፣ የሚተነፍስ ነገር ሙሽሪት ብቻ ናት። ሦስቱ ሴቶችም አሉ፤ እነሱ ግን ዶሮዎች ናቸው። እሷን ካወጣሁ ቤቱ ውስጥ አንቺ የለሽም፤ ካላወጣሁ ደግሞ ቤቱም የለም። ይህን ሁሉ ሳስብ ልቤ ምንም አላለኝም፤ የሌላ ሰው ጉዳይ የማስብ ነበር የሚመስለኝ።

አውቶቡስ ማቆሚያችን አጠገብ ያለው ጎሚስታ ከከተማ ወጣ ብሎ ሰፊ ግቢ አለው፤ ነገሩን ሲሰማ "እኔ ልውሰደው" አለኝ። እሑድ በብስክሌት መጣ። "እንዳታርዳት" አልኩት። "ለዘር ነው የምፈልገው፣ አትስጋ። ስም አለው?" አለኝ።

"ሙሽሪት።"

ከትከት ብሎ ሳቀ። "ለዚህ ጎረምሳ? ማነው ያወጣለት?"

"እህቴ ናት። እንቁላል ትጥላለች ብላ ስትጠብቃት ነው የሞተችው።"

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። "ነፍሷን ይማር" አለና ሙሽሪትን ካርቶን ውስጥ ቀስ አድርጎ አስገባት። ስታየኝ አየኋት። ካርቶኑን በገመድ አሰርኩለት፣ ሸኘሁት፣ እጄን ታጠብኩ። ያን ቀንም ምንም አልተሰማኝም።

ማግስቱን ነው ልነግርሽ የፈለግኩት። እናታችን ካረፈች ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የምትቀሰቅሺኝ አንቺ ነሽ። እግሬን በብርድ ልብሱ ላይ ጨብጠሽ "ተነስ አንተ ሬሳ!" ትይኝ ነበር። አንቺ ስትሄጂ ሙሽሪት ሥራሽን ተረከበች፤ እኔ ልብ አላልኩም፣ ስትጮህ እነሳለሁ፣ አለቀ። ሰኞ ግን ስነቃ ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታለች። የስምሪት ኃላፊው ደጋግሞ ደውሏል። የመጀመሪያው አውቶቡስ ያለ ሾፌር ቆሟል፣ ሰው ተሰልፎ ይራገማል። ከአልጋዬ ዘለልኩና በንዴት ወደ ክፍልሽ ዞሬ ጮህኩ፦

"እትዬ! ምነው ሳትቀሰቅሺኝ?"

መልስሽን ጠበቅሁ። እውነቴን ነው፣ አንድ እግሬን ሱሪ ውስጥ ከትቼ ቆሜ ጠበቅሁሽ። ከዚያ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፤ እንባዬ መጣ፣ እንደ ሕፃን ጮኼ አለቀስኩ። ስልኩ ይጮኻል፣ እኔም እጮኻለሁ። ነርሷ ከፎቅ እየሮጠች ወርዳ በሩን ከፈተችው።

"ምን ሆንክ? ምንድን ነው?"

"እህቴ ሞተች" አልኳት።

መቼ ብላ አልጠየቀችኝም። ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

በይ እትዬ፣ አንቺ አሁን ተኚ፤ ደክሞሻል። እኔ ልነሳ።

ታናሽሽ