የእህቴ ቀሚስ ወገብ

ጥቅምት 4
ሱቅ ከፈትኩ። የልብስ ስፌት ማሽኑን ሳልነካ ስልኩን ነካሁ። ቪዲዮ ላይ አንዲት ሴትዮ የድብርት ምልክቶችን ትዘረዝራለች። እንቅልፍ ማጣት... አለኝ። የምግብ ፍላጎት መቀነስ... የለኝም፣ ግን ምሳ ያዘገየሁበት ቀን አለ። ሥራ መሰልቸት... ይሄማ አብሮኝ የተወለደ ነው። በቃ፣ አለብኝ።

ጥቅምት 6
ዛሬ ደግሞ የልጅነት ቁስል ነው ያለብኝ። የአንድ ሽማግሌ ደንበኛዬን ኮት ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርጌ ቆረጥኩት።
«ልጄ፣ ቀኝ እጄን የት ላድርገው?»
ትኩረት የማጣት ችግር እንዳለብኝ ላስረዳቸው ሞከርኩ።
«ችግርህማ ይኸው እጅህ ላይ እየበራ ነው» አሉኝ ስልኬን እያዩ።

ጥቅምት 9
እህቴ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ልኳን በቃሌ ስለማውቀው ሜትር አላነሳሁም። ድሮ ሰው ገና ከበር ሲገባ መክሳት መወፈሩን በዓይኔ ለክቼ እነግረው ነበር...
«ወንድምዬ...»
«እህ።»
«ምንም።»
ሄደች። ወዲያው ስልኬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «በአጭሩ የሚመልሱልህን ሰዎች ከሕይወትህ አስወጣ።»

ጥቅምት 13
ደወለች። አላነሳሁም። ሰላምን መጠበቅ ይባላል። ስለ ሰላም አንድ ቪዲዮ ከፈትኩ። ቀና ስል መሽቷል፤ አንድ ቁልፍ እንኳ አልተከልኩም።

ጥቅምት 17
እህቴ መጥታ ቀሚሱን ለበሰችው። ወገቡ ሌላ ሰው ጨምሮ ይይዛል።
«ተሳስቼ ነው» አልኩ።
«አልተሳሳትክም። እኔ ነኝ ያለቅኩት።»
ሜትሩን አዞርኩባት። ከዚያ ፊቷን አየሁ። ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው ያየሁት?
«ትበያለሽ?»
«አይወርድልኝም።»
«ትተኛለሽ?»
ከባሏ ከተፋታች ወዲህ «ደህና ነኝ» ስትለኝ አምኜ ተቀምጫለሁ።
«ያን ቀን ቀሚስ ላሰፋ ስመጣ ልነግርህ ነበር። ሥራ ላይ ነበርክ።»
ሥራ... የድብርት ምልክት እየቆጠርኩ ነበር። የራሴን። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይላሉ፤ እኔ ደግሞ የማንንም ሳላማስል ድስቱን በስልክ አያለሁ። አፈርኩ። ሜትሩን እንደያዝኩ አለቀስኩ። እሷ አባበለችኝ፣ እሱም የሷ ሥራ ሆነ።

ጥቅምት 20
ሐኪም ቤት አብረን ሄድን። ወረፋው ረጅም ነው። እጄ ኪሴ እየገባ ሜትር ይዞ ይወጣል፤ ስልኩን ሱቅ መሳቢያ ውስጥ ትቼዋለሁ። ወሬ አጣን፣ ስለ ሽማግሌው ኮት ነገርኳት። ሳቀች። ትንሽ ነው፣ ግን ሳቀች። ስሟ ሲጠራ እጄን ይዛ ገባች።
ስንወጣ «ቀሚሱን ቆርጠህ እንዳታጠብበው» አለችኝ።
«ለምን?»
«እሞላዋለሁ።»
ሱቅ ስንመለስ ወገቡን አጥፌ በቀላሉ በሚፈታ ክር ያዝኩላት።