የጽናት ዐሥራ አምስተኛ ልደት

ለውድ እህቴ ለመስታወት፣

ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ሰላም ብዬሻለሁ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የሚያምሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? አሠሪዎችሽስ ዕረፍት ሰጡሽ? ከኩዌት ሙቀት ትንሽ ብትልኪልን ምን ነበረበት፤ የዘንድሮ የራቤል ውርጭ ጣት ያደነዝዛል። በተረፈ ሁላችንም ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። ይህን ወሬ ስልክ አይችለውምና፣ ወደዚያ የሚመለስ ሰው ሳገኝ በደብዳቤ ላክሁልሽ።

የልጅሽን ልደት በደንብ አድርጊልኝ ብለሽ አደራ ሰጥተሽኝ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ዐሥራ አምስት ዓመት ሞላት። አዳራሽ ተከራዪ፣ ኬክ ከደብረ ብርሃን አስመጪ ያልሽውን ብነግራት ቤታችን ይበቃል አለችኝ። ለገና እመጣለሁ ብለሽ ከቀረሽ ወዲህ ኩርፊያዋ አልበረደም። በደወልሽ ቁጥር በጎቹን ልይ ብላ የምትወጣው ለዚሁ ነው። በዚሁ ከቀጠለች ልቧን ከነጭራሹ ትዘጋብሻለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

ልደቱ ግን አማረ። ባለቤቴ ዱባለ ከበግ ጠጉር የሸመነውን ባና ወለሉ ላይ አነጠፍን። ስምንት የክፍል ጓደኞቿ መጡ። ስጦታ እንዳታመጡ ብላቸው ስለነበር እያንዳንዳቸው አንድ ብርጭቆና አንድ ጭብጥ ቆሎ ብቻ ይዘው ገቡ፤ ገብሱንም ባቄላውንም ሽምብራውንም አንድ ላይ ደባለቁት። እኔ ብርዝ በጠበጥኩ። ከዚያ በደብተር ቅዳጅ ላይ አንዱ ስለሌላው ጽፎ፣ ማን እንደሆነ እያስገመቱ ሲያነቡ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ጥፋቴንም ልንገርሽ። ሻማ መግዛቱን ረስቼ ድፎ ዳቦው ላይ ዐሥራ አምስት ጧፍ ሰካሁ። ልጆቹ እፍ ሊሉ ሲጎነበሱ፣ ጎረቤታችን እማማ ወለተ ኢየሱስ ጧፍ በትንፋሽ አይጠፋም፣ ያውም በኪዳነ ምሕረት ብለው ጮኹ። ምን ይደረግ፣ ነዶ እስኪያልቅ ዙሪያውን ቆመን ጠበቅን፤ ልጆቹም እስከዚያ መዝሙር ዘመሩ። ሰሙ የተንጠባጠበበትን ቅርፊት እየላጥን በላን።

ዳቦው ሲቆረስ ጓደኞቿ ወደ እኔ እያመለከቱ እናትሽን አጉርሺ ብለው ጮኹባት። እኔ ክው አልኩ። ጽናት ግን ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጥታ አጎረሰችኝ። ጉርሻ በአንድ አይቀርምና አፌን ከፍቼ ሁለተኛውን ጠበቅሁ። ሁሉም ድገሚያት አሏት። እሷ እጇን መለሰችና፣ ሁለተኛው የእናቴ ነው፣ ስትመጣ አጎርሳታለሁ አለች። እኔም አፌን እንደከፈትኩ አለቀስኩ፣ እህቴ።

ዱባለ በጣም ሰላም ይልሻል፤ ለሙቀት አገር ሰው ባና ልሸምን ወይ እያለ ያሾፋል። ትንሹ ልጄ ምስክር ጉንጭሽን ይስማል። እማማ ወለተ ኢየሱስም በሰላም ያግባሽ ብለው መርቀውሻል። የጽናትን ሰላምታ ልጽፍ ብላት፣ ተይው አክስቴ፣ ስትደውል ስልኩን እኔ አነሳዋለሁ ብላኛለች።

እህትሽ ወሰንየለሽ
ራቤል፣ ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.