ያልተመዘገበው አሥር ሚሊ

ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ባለፈው በስልክ «እማዬ፣ ሰሞኑን ነገር ትረሻለሽ እንዴ?» ስትይኝ ክው ብዬ ቀረሁ። ይህን ማን እንዳቀበለሽ አላጣሁትም፤ አባትሽ ነው። እንግዲያው የሆነውን ከእኔም ስሚ።

ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲት ልብስ ሰፊ እጇ ተሰብሮ መጣች። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው አባትሽ፣ ክንዷን የማደነዝዘው እኔ ነበርን። ራሴ መዘንኳት፤ አርባ አምስት ኪሎ። ለእሷ ክብደት የመድኃኒቱ ጣሪያ ዘጠና ሚሊ ግራም ነው። እኔ የሰጠኋት አሥራ አምስት ሚሊ ሊትር ፈሳሽ፣ በውስጡ ሰባ አምስት ሚሊ ግራም መድኃኒት ያለበት ነው፤ እሱንም ቆም እያልኩ፣ መርፌው ደም ሥር አለመግባቱን እያየሁ። ክንዷ ደነዘዘ፤ እሷ ግን ነቅታ ስለ ስፌት መኪናዋ ታጫውተኝ ነበር።

ሥራው ሊያልቅ ሲል፣ እኔ ከወጋኋት ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ፣ «ምላሴ ደነዘዘ፤ ጆሮዬም ይጮኻል» አለች። ወዲያው መላ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ። ኦክስጅኑን፣ መንቀጥቀጡን የሚያስቆመውን መርፌ፣ የበዛውን ማደንዘዣ የሚያረክሰውን ነጭ የቅባት ፈሳሽ አከታትለን ሰጠናት። ተረፈች።

አባትሽ ጓንቱን እያወለቀ «መርፌሽ ደም ሥር ገብቶ ነው። በማንም ይደርሳል፤ እንደዚያ ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

ነገሩ አልተዋጠልኝም። ደም ሥር ገብቶ ቢሆን ያኔውኑ ነበር የምትንቀጠቀጠው። የቆሻሻ ባልዲውን አየሁ። እኔ የከፈትኩት አንድ የማደንዘዣ ብልቃጥ ነው፤ ባልዲው ውስጥ ግን ሁለት ነበሩ።

«ጨምረህላታል?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ፤ መድኃኒቱን የያዝሽው አንቺ» አለ። ቀና ብሎ አላየኝም።

ከዚያ ወዲህ ወደ ሳሎን ስገባ ስልኩን ይዘጋል። በኮሪደሩ ሳልፍ ነርሶቹ ወሬ ያቋርጣሉ። አልደብቅሽም፣ ራሴንም ተጠራጠርኩ፤ ሒሳቡን ስንት ጊዜ ደግሜ እንደሠራሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ባለፈው ሐሙስ ልብስ ሰፊዋ የቁስሏን ክር ልታስወጣ መጣች። ከዚያ ቀን የምታስታውሰው ነገር እንዳለ ጠየቅኳት።

«እንዴታ፣ ነቅቼ አልነበር? እርስዎ ወጣ ሲሉ ዶክተሩ ነርሷን ‹አሥር ሚሊ ቅጂልኝ› አላት። እኔንም ‹ኋላ እንዳያምሽ ነው› አለኝ። አሳቢ ሰው ነው» አለችኝ።

ለካ ሌላ ሃምሳ ሚሊ ግራም ገብቶባት ከጣሪያው አልፏል። እውነትም ለሁለት ደቂቃ ቀጣዩን በሽተኛ ለማየት ወጥቼ ነበር። እሱ የእኔ ጥፋት ነው፤ ሪፖርቱ ላይ ሁለቱንም ጻፍኩ። አባትሽ አንብቦ «ስለ ትዳራችን አላሰብሽም?» አለኝ። «ስለ ሴትዮዋ አንድ ቃል አልጠየቅከኝም እኮ» አልኩት።

ልጄ፣ አንቺም ነገ መርፌ ትጨብጫለሽ። በሽተኛሽን ራስሽ መዝኚ። ላረጀና ለደከመ ቀንሺ። ቀዶ ሐኪሙ የሚጨምረውም በዚያው ጣሪያ ውስጥ ይቆጠራልና ጮክ ብለሽ ጠይቂው፤ የገዛ አባትሽም ቢሆን።

ፈጣሪ እጅሽን ያጽናልሽ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። መልስሽን ፖስታው ጀርባ ላይ ባለው አድራሻ ላኪልኝ እንጂ ወደ ቤት አትላኪው። የተከራየኋት ክፍል ጠባብ ናት፤ ግን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ትገባለች።

እናትሽ