ወደ ሳጅኑ የተላኩ ሽማግሌዎች

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11
ማስታወሻዬ፣ ዛሬም ካዴቶቹን፣ ወታደራዊ ሰልፍ የሚማሩትን ልጆቻችንን፣ ከሰፈራችን ከሃቫና ስትሪት በቫኔ ለቃቅሜ ትምህርት ቤቱ አደረስኩ። በወላጆች በኩል በጎ ፈቃደኛዋ እኔ ነኝ። ሾፌር፣ ስልክ ደዋይ፣ ውሃ አቅራቢ። ሰልፍ የሚያስተምረው ሳጅን ሃርመን፤ የአየር ኃይል ሰው፣ ያውም በእረፍት ሰዓቱ።
ልጆቹ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል። አልማዝ ሰልፉን ሰንጥቃ ገባች። የልጇን ጃኬት ዚፕ ልትዘጋ! በርዶታል ብላ። ባለፈው ሌላዋ እናት ሳንድዊች ይዛ ገብታ ነበር። ሳጅን ፊቱ ቀላ። እኔ የሠራሁትን እናንተ ታፈርሱታላችሁ፣ በቃኝ ብሎ የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ እጄ ላይ ጣለልኝ። ሄደ።
የአሰልጣኝነት ኮርስ የጨረሰ ሰው ከሌለ ፕሮግራሙ ይዘጋል። ያለን እሱ ብቻ። ልጄ ሶሊም ካዴት ነች፤ ቤት እንደገባን ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ተኛች። ተናደድኩ። አልተወውም!

ሐሙስ 13፣ ከሥራ በፊት
ደወልኩ፤ አያነሳም። አልማዝ ይቅርታ ጽፋለታለች፤ መልስ የለም። ታዲያ የተቀየመ ሰው በምን ይታረቃል? በሽማግሌ ነዋ። ሶሊ፦ «ማሚ፣ ፕሊስ፣ ኢትስ ሶ ዊርድ!» ዊርድም ይሁን እንግዳ ነገር፣ ግድ የለኝም። ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁትን ጋሽ ተድላን ለመንኳቸው። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ፦ ክራቫት ይታሰራል ወይ?

ቅዳሜ 15፣ ከሥራ ቀርቼ
ሊትልተን፣ የሳጅን ቤት። ጋሽ ተድላና ሁለት ጓደኞቻቸው በሙሉ ልብስ። ሳንደውል! ሳጅን በቁምጣ ከፈተ። ሰባኪዎች መስለነው ቤተ ክርስቲያን አለኝ፣ አመሰግናለሁ ብሎ ሊዘጋ ሲል ከሽማግሌዎቹ ኋላ ብቅ አልኩ።
ገባን። ጋሽ ተድላ ይቅር ካላልክ አልቀመጥም አሉ። ተረጎምኩ። ሳጅን ግራ ገባው፣ ሳቀ፣ ከዚያ እውነቱን አወጣው። ለካ አልማዝ ሰበብ ነች። ዝውውር ደርሶታል፤ ትምህርት ሲዘጋ ሌላ አገር ይሄዳል። ለልጆቹ መንገር አቃተው። ተቆጥቶ መውጣት ቀለለው። አሳዘነኝ፤ ልቆጣውም ፈለግኩ።
ጋሽ ተድላ ተቀመጡ። እንግዲያው ራስህ ንገራቸው፣ እስክትሄድም አስተምራቸው አሉት። «የስ ሰር» አለ።

ማክሰኞ 18
ሳጅን ለልጆቹ ነገራቸው። ሶሊ ቀጥ ብላ እንደቆመች እንባዋ ወረደ። አላበሰችውም።
ከዚያ ወደ ወላጆች ዞረ። የአሰልጣኝነት ኮርሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፣ ለሲቪልም ክፍት ነው፤ እሱ እስኪሄድ አብሮ ያለማምዳል፣ ጓደኞቹም ከአየር ኃይሉ ቤዝ እየመጡ ያግዛሉ። ማን ይገባል? ሁሉም ጫማውን ያያል። እኔ? ትእዛዝ ሰጥቼ የማላውቅ፣ ቀኝና ግራ እንኳ የሚምታታብኝ ሴት? የቅዳሜ ሥራዬስ?
ፈራሁ። በጣም። እጄን አወጣሁ። ሳጅን እርግጠኛ ነሽ ወይ በሚል ዓይን አየኝ።
አላወረድኩትም።