ለጤና ጣቢያችን ኃላፊ፤ ስለ ልጄ ደም ጨው

ይድረስ ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፤

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና ይስጥልኝ፤ ታመው በራስዎ ጤና ጣቢያ ከመታከምም ይጠብቅዎ።

እኔ በሐይቅ ገበያ የአፋር ጨው የምሸጥ ዘይኑልአቢዲን ነኝ። ባለፈው መጋቢት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጄን ኢንሳፍን ቀብሬያለሁ። ስለተደረገልን ሁሉ በአደባባይ ላመሰግንዎ ወደድኩ።

አንደኛ፣ ስለ ክኒኑ። ኢንሳፍ ከልጅነቷ የሚጥል በሽታ ነበረባት፤ በአንድ ዓይነት ክኒን ደህና ኖራለች። በጦርነቱ ጤና ጣቢያው ተዘርፎ ያ ክኒን ሲጠፋ፣ በምትኩ ካርባማዜፒን የሚባለውን ሰጡን። መተካትዎን አልነቅፍም፤ በዚያ ዘመን መድኃኒት ማግኘትም ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ይህ ክኒን በአንዳንድ ሰው ላይ፣ ሰውነት ውሃ እንዲይዝ የሚያደርገውን ሆርሞን አበርትቶ የደምን ጨው እንደሚያወርድ ሳይነግሩን ቀሩ፤ እንዳንጨነቅ አስበው ይሆናልና ለአሳቢነትዎ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ምክርዎ። ራሷን ሲያማት፣ ሲያቅለሸልሻትና ስትንገዳገድ፣ ደሟን ሳያዩ ክኒኑን እጥፍ አደረጉት፤ ጨው እንድትተው፣ ውሃ እንድታበዛም አዘዙ። እኛ ታዛዦች ነን። ጨው በኩንታል የምሸጥ ሰው ልጄን ሳምንት ሙሉ ያለ ጨው አበላኋት። ንግግሯ ሲዛባ ጎረቤቱ ሁሉ ውሃ ይዞ መጣ፤ ሀጀራ ዱዓ የተደረገበትን በጆግ፣ እናትነሽ ጸበሏን በጀሪካን። ወሎ ነውና የማንንም አልመለስንም። እኔው ራሴ ቀና አድርጌ አጠጣኋት፤ አባዬ በቃኝ ስትለኝ አንድ ኩባያ ጨመርኩላት። ያቺን ኩባያ በእርስዎ አላመካኝም፤ የእኔ ናት።

ሦስተኛ፣ ስለ ማሽኑ። የደም ጨው የሚለካው ማሽን በዕርዳታ መጥቶ፣ ሪባን የሚቆርጥ እንግዳ እየጠበቀ ከነካርቶኑ ቢሮዎ ተቀምጧል፤ አቧራ እንዳይነካው ያደረጉት ጥንቃቄ ያስደንቃል። «ዱዓው አይቋረጥም፣ እሷን ግን ዛሬውኑ ደሴ አድርሷትና ደሟ ይታይ» ያሉን የመስጊዳችን ሼህ ሀሚዱ ናቸው። የላቦራቶሪን ነገር ከጤና ጣቢያ ስንጠብቅ ከመስጊድ ሰማን። መንገድ ላይ አንቀጠቀጣት። የደሴው ሐኪም በክኒኑና በውሃው ብዛት የደሟ ጨው እጅግ መውረዱን ነገሩኝ፤ ክኒኑ መርዝ እንዳልሆነ፣ የሚከታተለው ሰው ብቻ እንደሚፈልግም አስረዱኝ። በማግሥቱ ሞተች።

አሁን የጎረቤቴ የኑርዬ ሚስት መስኡዳ ያንኑ ክኒን ትውጣለች፤ ሰሞኑን እሷም ራሴን እያለች ነው። ኑርዬ ደንግጦ ሊያስተዋት ሲል ከለከልኩት፤ ያለ ሐኪም ድንገት ማቆምም አደገኛ ነው ተብያለሁና። እባክዎ ካርቶኑን ይክፈቱና ደሟን ይለኩላት። ሁለተኛ የምስጋና ደብዳቤ እንድጽፍ አያድርጉኝ።

ትዕዛዝዎን እስከ መጨረሻዋ ኩባያ የፈጸመው አክባሪዎ፣
ዘይኑልአቢዲን ሙስዓብ
ሐይቅ፣ ሰኔ 2015 ዓ.ም.

ተጨማሪ፦ በኢንሳፍ ሰደቃ ዕለት መጥተው ስላስተዛዘኑን አላህ ይስጥልን። ወጡ ጨው አንሶታል ብለው ለጎንዎ ሰው ሲያንሾካሹኩ ሰምቻለሁ፤ እውነትዎን ነው፣ አንሶት ነበር። ያለ ማሽን፣ ያለ ሪባን፣ በአንድ ጉርሻ ደረሱበት።